ወንዝ የሚጠገነው በበጋ ነው

 

የዛሬው የንባብ ትምህርታችን ስለ ወንዝና ስለ ጎርፍ ነው። አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፤ ሌላው በጣቱ እየተከተለ ያዳምጥ። የከበደ ቃል ሲያጋጥማችሁ አትዝለሉት። ተመልሳችሁ ፊደል በፊደል አንብቡት።

በመጀመሪያ አራት ቃላት እናንብብ። በአፍ የምታውቋቸው ናቸው። ዛሬ ደግሞ በዓይናችሁ እወቋቸው።

ደለል፦ ውሃ ጠርጎ አምጥቶ የሚያስቀምጠው አፈርና አሸዋ።
ፈሰስ፦ ትርፍ ውሃ ከማሳ እንዲወጣ በማረሻ የሚቀደድ ቦይ።
ክትር፦ ውሃ በቦረቦር ውስጥ እንዳይሮጥ በድንጋይ ወይም በእንጨት የሚሠራ መከላከያ።
ደራሽ ጎርፍ፦ ላይ አገር በዘነበ ዝናብ ምክንያት ሳይታሰብ ከተፍ የሚል ሙላት።

ውሃው ከየት ይመጣል?

እንጦጦ ማርያም ደጅ ቆመን እንመልከት። ይህች ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑባት ናት። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው።

የእንጦጦን ተራራ እንደ ቤት ጣራ አስቡት። በጣራ ላይ የወረደ ዝናብ እኩሉ በፊት ለፊት፣ እኩሉ በጓሮ ይወርዳል። የእንጦጦም እንዲሁ ነው። በሰሜን በኩል የወረደው ውሃ በሱሉልታ ሜዳ አልፎ ወደ ሙገር፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በደቡብ በኩል የወረደው ቀጨኔን፣ ግንፍሌንና ቀበናን ይሞላል። እነዚህ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አቃቂ ይገባሉ። አቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽም እስከ አፋር ምድር ይዘልቃል።

ከእንጦጦ እስከ አቃቂ በቀጥታ ቢለካ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቁልቁለቱ ግን 900 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ውሃው አይሄድም፤ ይሮጣል። የሚሮጥ ውሃ ደግሞ አፈር፣ ድንጋይና ግንድ ይሸከማል።

ሒሳብ እንሥራ

በ1 ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ እንበል። 10 ሚሊ ሜትር ማለት የትንሿ ጣታችን ውፍረት ያህል ነው። ትንሽ ይመስላል። እስቲ እንቁጠረው።

1 ሄክታር 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። ይህም 10,000 ካሬ ሜትር ይሆናል።
በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ውሃ ወርዷል።
10,000 ሲባዛ በ10፣ 100,000 ሊትር ነው።
በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲቀዳ 5,000 ጀሪካን ይሆናል።
አንድ አህያ 4 ጀሪካን ብትጭን 1,250 አህያ ያስፈልጋል።

ይህ እንግዲህ የአንድ ሄክታር ውሃ ብቻ ነው። መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ ካለው ብዙውን ይጠጣዋል፤ የቀረውንም ቀስ አድርጎ ይለቀዋል። መሬቱ ራቁቱን ከሆነ ግን 1,250ውም አህያ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይጋልባል ማለት ነው። ታች ያለው ሰው ምን ይውጠው?

ወንዝ ለምን ከአልጋው ይወጣል?

ብዙ ሰው «ዝናቡ በዛ» ይላል። ዝናብ መብዛቱ እውነት ነው። ሆኖም ሦስት የሰው ጥፋቶች ይጨመሩበታል።

አንደኛ፣ ተራራው ይራቆታል። የእንጦጦን ታሪክ እዩ። ከተማው እዚህ ላይ በነበረ ጊዜ ደኑ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፈጨፈ። ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ወደ ፍል ውሃ አካባቢ ከወረደበት ምክንያት አንዱ ብርዱና የእንጨት እጥረት ነበር። ኋላ በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ መጣና ተራራው ዳግመኛ ዛፍ ለበሰ። ባሕር ዛፍ ውለታ አለው። አዲስ አበባን ለብዙ ዘመን በማገዶ ያኖራት እርሱ ነው። ነገር ግን በሥሩ ሣር እምብዛም አይበቅልም። ቅጠሉም ለእንጀራ መጋገሪያ ተጠርጎ ይወሰዳል። ስለዚህ ከላይ ደን ይመስላል፤ ከታች ግን መሬቱ ባዶ ነው። ውሃን የሚይዘው በሥር ያለው ሣርና ብስባሽ ስለሆነ ዛፍ መቁጠር ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የወንዙ አልጋ ይሞላል። ከላይ የተጠረገው አፈር ታች ሜዳ ሲደርስ ያርፋል። ደለል ይሆናል። ትናንት ሁለት ሜትር የነበረ ጥልቀት ነገ አንድ ሜትር ይሆናል። ውሃው ያው ነው፤ ማደሪያው ግን ጠበበ። በከተማ ደግሞ ላስቲክ፣ ጨርቅና የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ይጨመርበታል።

ሦስተኛ፣ የወንዙ ዳር ይታረሳል፤ ቤትም ይሠራበታል። በበጋ ባዶ ስለሚመስል «ይህ መሬት የማንም አይደለም» እንላለን። መሬቱ የወንዙ ነው። በዓመት አንድ ቀንም ቢሆን ባለቤቱ ይመጣል።

የሆነውን እናስታውስ

ይህ ተረት አይደለም። በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፤ በዳሩም ይኖራል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ.ም. በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ብዙዎቹ ተኝተው ነበር።

በዚያው ክረምት በአማራ ክልል በፎገራና በሊቦ ከምከም ሜዳው በውሃ ተጥለቀለቀ። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ የሚነሡ ወንዞች ናቸው። የተራራውን አፈር እያመጡ በሜዳው ያራግፋሉ። አልጋቸው በደለል ሲሞላ ውሃው በማሳና በመንደር ላይ ይተኛል።

በአዲስ አበባም ነሐሴ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. በጣለው ከባድ ዝናብ የመጣው ጎርፍ የ7 ሰው ሕይወት አጥፍቷል።

እኔም ያደግሁት ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ነው። ልጅ ሳለሁ አንድ የነሐሴ ሌሊት ውሃ ቤታችን ገባ። እናቴ እኔንና ወንድሜን ጠረጴዛ ላይ አቆመችን። ዱቄቱ፣ ፍራሹ፣ ደብተራችን ሁሉ ሄደ። ጧት አባቴ ከጎረቤት ጋር ወርዶ ሲያይ የመንገዱ ቱቦ ተደፍኗል። ቅርንጫፉን፣ አሮጌ ጎማውንና ላስቲኩን በዶማ ጎትተው አወጡ። ከወጣው ቆሻሻ መካከል እኔ ራሴ በየቀኑ እናቴ «ጣይልኝ» ስትለኝ እየወረድሁ የጣልሁት ነበረበት። ወንዙ መለሰልን እንጂ አልበደለንም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

የላይኛውና የታችኛው ገበሬ ክርክር

በአንድ ማታ ትምህርት ላይ «ጎርፉን የሚያመጣው ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ከታች የሚያርስ አንድ ተማሪ «የላዮቹ ፈሰስ ነው! ውሃቸውን ሁሉ በእኔ ባቄላ ላይ ይለቁታል» አለ። ከላይ የሚያርሰው ተቆጥቶ «ታዲያ ዝናቡን በጆንያ ልቋጥረው?» ብሎ መለሰ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ ግን አልሳቁም። ለካ ነገሩ ሽማግሌ ደርሶ ያልበረደ የቆየ ቂም ኖሯል።

አንድ አዛውንት ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ስሚኝ ልጄ፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ላይኛው ፈሰስ ካልቀደደ ገብሱ ይበሰብስበታል። ታችኛውም የውሃውን የጥንት መንገድ አርሶ ባቄላ ዘርቶበታል። ውሃው ወዴት ይሂድ? ውሃ መንገዱን አይረሳም።»

እኔ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን ትምህርት ከእኒህ አባት አገኘሁ። ጎርፍ የአንድ ሰው ጥፋት ስላልሆነ አንድ ሰው ብቻውን አያቆመውም። መፍትሔው በወሰኑ ላይ የጋራ ማፋሰሻ ማበጀት ነው። ላይኛው አንድ ሜትር፣ ታችኛውም አንድ ሜትር ይልቀቁ። መሬት መልቀቅ ያማል። ነገር ግን ዛሬ አንድ ሜትር ያልለቀቀ ሰው ነገ ማሳውን በሙሉ ይለቃል።

ምን እናድርግ? መቼ?

ክረምት ከገባ በኋላ ወንዝ አይጠገንም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ሥራው የበጋ ነው።

ከጥቅምት እስከ ኅዳር፦ የክረምቱ ምልክት ሳይጠፋ ወንዙን ከላይ እስከ ታች በእግር ሂዱበት። ውሃው የት ወጣ? የት ናደ? የት ተደፈነ? አሁን መጻፍ ታውቃላችሁና በደብተር ጻፉት። ለማኅበራችሁ ስብሰባም አንብቡት።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፦ አዝመራው ሲሰበሰብ በደቦ ውጡ። እርከኑን ጠግኑ። ቦረቦሩን ከአናቱ ጀምሩ እንጂ ከታች አትጀምሩ። መጀመሪያ ወደ አናቱ የሚገባውን ውሃ አስቀይሱ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ክትር ሥሩ። የክትሩ መካከል ከሁለቱ ጫፎች ዝቅ ይበል። አለዚያ ውሃው ጎኑን በርቅሶ ይወጣል። ጫፎቹም ከግራና ከቀኝ ወደ መሬቱ ውስጥ ይግቡ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ሲሆን ርቀቱ ልክ ነው።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የወንዙን አልጋ አጽዱ። የወደቀ ግንድና የተከማቸ ደለል አውጡ። ያወጣችሁትን ደለል ግን በአፋፉ ላይ አትከምሩት፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል። ወደ ማሳ ውሰዱት። የድልድዩን አፍና የመንገዱን ቱቦ ጥረጉ። በአፋፉ የቆመ ዛፍ አትቁረጡ፤ ሥሩ የወንዙ ግድግዳ ነው። ማረሻችሁም ከአፋፉ ቢያንስ ሃያ እርምጃ ይራቅ።

በሐምሌ፦ በአፋፉ ላይ ሣር፣ ቀርከሃና አገር በቀል ዛፍ ትከሉ። ጽድና ወይራ የእንጦጦ የጥንት ልጆች ናቸው። በማፋሰሻው ላይ ሣር ይብቀል፤ ከብት አይግባበት። ከእያንዳንዱ ከባድ ዝናብ በኋላ ቱቦውን ዳግመኛ እዩት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የወንዙን መንገድ በራሳችሁ ሐሳብ ቀጥ አታድርጉት፤ ወደ ጎረቤትም አትግፉት። ጎርፉን አላጠፋችሁትም፤ ለሌላ ሰው ላካችሁት እንጂ።

በከተማው በኩልም ሥራ ተጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ለማልማት ታቅዶ ሥራው ተነሥቷል። ታች ምንም ያህል ቢዋብ ግን ላይ ካልተጠገነ ደለሉ መውረዱን አያቆምም። ቁልፉ ያለው ከላይ፣ በገበሬው እጅ ነው።

ጎርፍ ሲመጣ

ሰማዩ በእናንተ ዘንድ ጥርት ብሎ ላይ አገር ከጠቆረ ተጠንቀቁ። የወንዙ ድምፅ ከተለወጠ፣ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ ከመጣ ከወንዙ ውጡ። ልጆችና ከብት አይሻገሩ። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ይጥላል። ለዕቃ አትመለሱ። ወደ ከፍታ ሽሹ፤ ጎረቤታችሁንም ጠርታችሁ ሂዱ።

ጥያቄዎች

1. የእንጦጦ ውሃ በሰሜንና በደቡብ በኩል ወዴት ወዴት ይሄዳል?
2. በ2 ሄክታር ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ ስንት ጀሪካን ውሃ ይሆናል?
3. የክትር መካከል ለምን ዝቅ ይላል?
4. በመንደራችሁ ካለው ወንዝ የተደፈነው የቱ ላይ ነው? ማንስ፣ መቼ ይጠርገዋል? ስሙንና ቀኑን በደብተራችሁ ጻፉ።

አራተኛውን ጥያቄ መልሳችሁ ያላችሁበት ክፍል ትምህርቱን አልፏል። የቀሩትን ሦስቱን መልሶ አራተኛውን የተወ ግን ገና አላነበበም። ያ ላይኛውና ታችኛው ገበሬ ስማቸውን በአንድ መስመር ላይ አብረው ጽፈዋል። ቀኑንም ከጎኑ አድርገዋል። እናንተስ?

ለሚቀጥለው ትምህርት በሰላም ያገናኘን።