ምክር ጭስ ያጠፋልን? የቻታኑጋ ከተማ አማካሪዎች ምን ሠሩ?

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ የገፋፋችኝ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። በማስተማር ልምምዴ ሁለተኛ ሳምንት ስለ አካባቢ ጥበቃ ሳስተምር፣ በአንዳንድ አገሮች ከተሞች ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ቆሻሻ የሚያማክር ቦርድ እንደሚያቋቁሙ ከማስታወሻዬ እያየሁ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። ልጅቷ እጇን አወጣችና «መምህር፣ ቦርዱ ማዘዝ ካልቻለ ታዲያ ምን ይሠራል?» አለችኝ። «ይመክራል» አልኳት። «ባይሰሙትስ?» ስትል ደወሉ ተደወለና ተገላገልኩ። እውነቱን ለመናገር ደወልን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም። ከኋላ ተቀምጠው የሚመዝኑኝ መምህር ግን በምዘና ቅጹ ላይ «ደወል መልስ አይደለም» ብለው ጻፉብኝ።

መልስ ፍለጋ ሳነብ ከረምኩና በመጨረሻ በአንዲት ከተማ ታሪክ ውስጥ አገኘሁት። ከተማዋ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት የምትገኘው ቻታኑጋ ናት። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ስለ አማካሪ ቦርድ ምንነት ጥቂት ልበል። በአሜሪካ ከተሞች የእንዲህ ያለው ቦርድ አባላት በከንቲባው ወይም በከተማው ምክር ቤት ይሾማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ደመወዝ የላቸውም። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። መሐንዲሱም፣ ሐኪሙም፣ ነጋዴውም፣ መምህሩም አብረው ይቀመጡበታል። ቦርዱ ጉዳዩን ያጠናል፣ ነዋሪውን ይሰማል፣ ከዚያም የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል። ሕግ ማውጣትና ገንዘብ መመደብ ግን የምክር ቤቱ ሥራ ነው። የልጅቷ ጥያቄ እንግዲህ ከዚህ ላይ የተነሣ ነው።

ቻታኑጋ በቴነሲ ወንዝ ዳር፣ በተራሮች መካከል የተቀመጠች የፋብሪካ ከተማ ነበረች። ሉክአውት ተራራ፣ ሲግናል ተራራና ሚሽነሪ ሪጅ የሚባለው ረጅም ጉብታ ዙሪያዋን ይዘዋታል። ደሴን የሚያውቅ ሰው ጦሳን ያስብና ይቀርበዋል። እንደተማርነው በአብዛኛው ከመሬት ወደ ላይ ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ከታች ያለው ሞቃት አየርም ጭሱን ይዞ ይወጣል። በሸለቆ ውስጥ ግን፣ በተለይ ነፋስ በሌለበት ሌሊት፣ ቀዝቃዛው አየር ከታች ይተኛና ሞቃቱ አየር ከላይ ይደፋበታል። ያን ጊዜ ጭሱ መውጫ ያጣል። ለተማሪዎቻችሁ በምጣድና በአክንባሎ ልታስረዷቸው ትችላላችሁ። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ ከሰሌዳው ሥዕል ይልቅ አክንባሎው ገብቷቸዋል።

በዚያ አክንባሎ ሥር የብረት ማቅለጫዎች፣ የኮክ ከሰል ምድጃዎችና ለጦር ሠራዊት ቲኤንቲ የሚሠራ የፈንጂ ፋብሪካ ያጨሱ ነበር። በ1960ዎቹ ዓመታት ሾፌሮች በቀትር መብራት አብርተው ይነዱ እንደነበር፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቢሮ የሚገባ ሰውም ለከሰዓት የሚቀይረው ሌላ ሸሚዝ ይዞ ይወጣ እንደነበር ይነገራል። በ1969 የፌዴራሉ መንግሥት የከተሞችን አየር መርምሮ ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ታዋቂው የቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ዋልተር ክሮንካይት ቻታኑጋን ከአሜሪካ ከተሞች ሁሉ የቆሸሸች ብሎ ተናገረ። እንዲህ ያለውን ነገር መላ አገር ራት እየበላ ሲሰማ ምን ያህል እንደሚያሳፍር መገመት አያዳግትም።

ለእኛ ለመምህራን ግን ከዜናው ይልቅ የሚነካን ሌላ ነገር አለ። ከፈንጂ ፋብሪካው ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይወጣ ነበር። ተመራማሪዎች በአካባቢው ሰፈሮች የሚማሩ የሁለተኛ ክፍል ሕፃናትን ትንፋሽ በመሣሪያ ለኩ። ቤተሰቦቻቸውንም ስለ ጉንፋንና ስለ ሳል ጠየቁ። በ1970 የታተመው ይህ ጥናት ጋዙ በበዛበት ሰፈር የመተንፈሻ ሕመም በዝቶ መገኘቱን ገለጸ። ጋዙ የተለካበት ዘዴ በኋላ ነቀፌታ ስለደረሰበት ቁጥሮቹን እንዳለ መውሰድ አይገባም። ቢሆንም አንድ ከተማ የአየሩን ጤንነት ለማወቅ የሰባት ዓመት ልጅ እፍ እንዲል መጠየቁ፣ ለእኔ ከማንኛውም የጭስ መለኪያ የበለጠ ይናገራል።

በዚያው በ1969 ከተማውና በዙሪያው ያለው የሃሚልተን ካውንቲ አስተዳደር የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ደንብ አወጡ፤ ቦርድም አቋቋሙ። ይህ ቦርድ ደንቡን በእጁ ይዞ የቆመ ስለነበር ከመምከር አልፎ ያስገድድ ነበር። ለፋብሪካዎች እስከ ጥቅምት 1972 የሚደርስ የጊዜ ገደብ ተሰጣቸው። ባለ ፋብሪካዎቹ ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር አውጥተው ማጣሪያ አስገቡ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ዋና ዋናዎቹ የጭስ ምንጮች ከሞላ ጎደል ሁሉም በደንቡ ሥር ገብተው ነበር። ተራራውም በቀን መታየት ጀመረ።

ይህን ለዶርም ጓደኛዬ ሳነብለት ከአልጋው ተነሥቶ «በቃ! ልጅቷ ልክ ናት። ጭሱን ያጠፋው ሕግ ነው፤ ምክር ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ስለ ጭሱ ከሆነ እኔም እስማማለሁ። የሰው ሳንባ እየተጎዳ፣ የጎጂው ማንነት እየታወቀ፣ «እባክህ» እያሉ መምከር ጊዜ ማባከን ነው። ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም።

አየሩ እየጠራ ሲሄድ ሌላ ችግር ፈጦ ወጣ። ፋብሪካዎች ተዘጉ፣ ሥራ ጠፋ፣ መሐል ከተማው ባዶ እየሆነ መጣ። ወንዙ እዚያው እያለ ከተማው ጀርባውን ሰጥቶት ነበር። እዚህ ላይ ደንብ ምን ያደርጋል? «ወንዝህን ውደድ» የሚል ሕግ አይወጣም። የሚቀጣ ጥፋተኛም የለም። የጠፋው ነገር ምን ይሠራ የሚለው ስምምነት ነበር፤ ያንን ደግሞ በትእዛዝ ማምጣት አይቻልም።

በ1982 ከተማውና ካውንቲው የሞካሲን ቤንድ ግብረ ኃይል የሚባል አማካሪ ቡድን አቋቋሙ። ሞካሲን ቤንድ ወንዙ ተጠማዝዞ የቀደምት አሜሪካውያንን ሞካሲን ጫማ የሚመስል ቅርጽ የሠራበት ቦታ ነው። ግብረ ኃይሉ ነዋሪውን በየስብሰባው እየጠራ ወንዙ ዳር ምን እንዲሆን እንደሚፈልግ ጠየቀ። ከዚህም በ1985 ወደ 35 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የወንዝ ዳርቻን የሚሸፍን ፕላን ወጣ። በመካከሉ፣ በ1984፣ ቻታኑጋ ቬንቸር የተባለ ከአስተዳደሩ ውጭ የቆመ ድርጅት «ራእይ 2000» በሚል ስም ከ1700 በላይ ነዋሪዎችን ለሃያ ሳምንታት አወያይቶ 40 ግቦች አወጣ። የስብሰባው መነሻ ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ከተማችን በ2000 ምን እንድትመስል እንፈልጋለን የሚል ነው።

ኧረ ይሄ ወሬ ነው የሚል ይኖራል። ፍሬውን እንይ። በ1891 የተሠራው የዎልነት ስትሪት ድልድይ በ1978 ለመኪና ተዘግቶ ይፈርስ ተብሎ ነበር። ነዋሪው «አይፈርስም፣ እንሄድበታለን» አለና በ1993 የእግረኛ ድልድይ ሆኖ ተከፈተ። ርዝመቱ ከ700 ሜትር በላይ ነው። በ1992 በወንዙ ዳር የቴነሲ የውሃ እንስሳት ማሳያ ተከፈተ። በዚያው ዓመት በመሐል ከተማ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ፣ ተሳፋሪ የማይከፍልባቸው አውቶቡሶች መሥራት ጀመሩ። ወጪያቸው በከፊል የሚሸፈነው በመስመሩ ዳርና ዳር ከተሠሩ የመኪና ማቆሚያዎች በሚገኝ ገቢ ነበር። ሰው መኪናውን አቁሞ በአውቶቡስ ይገባል፤ የማቆሚያው ክፍያ ደግሞ አውቶቡሱን ያንቀሳቅሳል። ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንኳ ጥሩ ምሳሌ ይወጣዋል።

እንግዲህ «ባይሰሙትስ?» ለሚለው የእኔ መልስ ይኸው ነው። ትራንስፖርት፣ ውሃና ፕላን ለየብቻቸው በየቢሮው ሲሠሩ ማንም አንዱን ከሌላው አያገናኝም፤ አማካሪው ቡድን ግን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያመጣቸዋል። ምክሩ የተሰጠው በአደባባይ፣ ብዙ ሰው ባለበት ከሆነ ደግሞ ምክር ቤቱ እምቢ ሲል «ለምን?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው ይበዛል። በጓዳ የተሰጠ ምክር ግን በጓዳ ይቀራል።

ይህን ስል ሁሉ ነገር አምሮ ተጠናቀቀ ማለቴ አይደለም። ከመሐል ከተማው ብዙም ሳይርቅ ቻታኑጋ ክሪክ የሚባል ጅረት አለ። ኦልተን ፓርክን በመሳሰሉ፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎች ጥቁር አሜሪካውያንና ድሆች በሆኑባቸው ሰፈሮች ያልፋል። የኮክ ከሰል ፋብሪካ ሬንጅ የመሰለ ዝቃጭ ለብዙ ዓመታት ሲደፋበት ኖሯል። ልብ በሉ፤ የውሃ እንስሳት ማሳያው በ1992፣ ድልድዩ በ1993 ተከፈቱ። ጅረቱ ቅድሚያ ጽዳት የሚያስፈልጋቸው አደገኛ ቦታዎች በሚመዘገቡበት የፌዴራል ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1995 ነው፤ ዋናው ዝቃጭ የተዛቀውም ከዚያ በኋላ ነው። በደቡባዊው ሰፈር ደግሞ ከቀድሞ የብረት ማቅለጫዎች የወጣ ቆሻሻ ለግቢ መደልደያ ውሎ ስለነበር አፈሩ በእርሳስ ተመርዞ ተገኘ። (እርሳስ ስል የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው።) ያ ሰፈር በዚሁ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2018 ነው። ጭሱ ከሰማይ ከጠፋ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው! ጎብኚ የሚያየው ወንዝ ቀድሞ አማረ፤ ድሃው የሚሻገረው ጅረት ግን ተራ ጠበቀ። ስብሰባ የሚመጣው በአብዛኛው ጊዜ ያለውና መናገር የለመደ ሰው ነው። አማካሪ ቦርድ በሩን ክፍት ማድረጉ ብቻ አይበቃም፤ ወደማይመጡት ሰዎች ደጅ መሄድ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ለመናገር ድፍረት ያገኘሁት ከራሳችን ጥፋት ነው። ባለፈው ክረምት እኔም አባል የሆንኩበት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከአጥራችን ውጭ ባለው ተዳፋት ላይ ከመቶ በላይ የወይራና የጽድ ችግኝ ተክሎ ነበር። ቦታውን የመረጥነው እኛው፣ ጉድጓዱን የቆፈርነው እኛው፣ ፎቶ የተነሣነውም እኛው ነን። መስከረም ሲጠባ ግማሹን ጎርፍ ወስዶታል፤ የተረፈውን ጥጃና ፍየል በልቶታል። አንድ ቀን ውሃ ቀድተው የሚመለሱ እናት አግኝቼ «እማማ፣ ችግኞቻችንን ምን በላብን?» ብዬ ጠየቅኳቸው። እንስራቸውን ሳያወርዱ ሳቁና «ልጄ፣ ይህ እኮ የክረምት ጎርፍ መሄጃ ነው፤ የከብቱም መንገድ በዚሁ ነው። ብትጠይቁን ኖሮ ከዋርካው በላይ ያለውን ቦታ እናሳያችሁ ነበር» አሉኝ። ያን መንገድ በቀን ሁለቴ የሚመላለሱበት እሳቸው ናቸው። እኛ ግን የክበባችን ሊቀ መንበር የሠራውን ካርታ ይዘን ነበር።

በመጪው ቅዳሜ ክበቡ ስለ ዘንድሮው ተከላ ይሰበሰባል። ከዋርካው በላይ ያለውን ቦታ ለማየት ከስብሰባው በፊት ወደ እኒያ እናት ቤት እንሂድ የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ። ሁለት አባላት ደግፈውኛል፣ አንዱ «ጊዜ የለንም» ብሏል። አብሮን መሄድ የሚፈልግ ሠልጣኝ ስሙን ከዚህ ጽሑፍ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ይጻፍ። መምህራኖቻችንም ስለ አየሩ ክዳን የጻፍኩት ስሕተት ካለበት እዚያው ላይ ያርሙኝ፤ ሰኞ ወደዚያች ልጅ ክፍል ተመልሼ እገባለሁ።