የአሠራር ድርሰትና የማስጠንቀቂያ ቦታ

ሀ. መግቢያ

የአሠራር ድርሰት አንባቢው ነገሩን በማወቅ ብቻ እንዳይቀር፣ በእጁ ሠርቶ እንዲያየው የሚጻፍ ነው። በተረት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ቦታውን ቢስት አንባቢው ጥቂት ይደናገር ይሆናል እንጂ የሚጠፋበት ነገር የለም። በአሠራር ድርሰት ግን የአንድ ዐረፍተ ነገር ቦታ መሳሳት የአንባቢውን ንብረት ሊያጠፋ ይችላል። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ማስጠንቀቂያዎቹ የት የት እንደ ገቡም ልብ በሉ።

ለ. ምንባብ፦ የነፍስ አድን ፍላሽ አዘገጃጀት

ኮምፒውተር ሲከፈት ሥራውን የሚመራውን ስርዓተ ክወና ብዙውን ጊዜ በውስጡ ካለው ዲስክ ያነባል። ይህ ስርዓት በቫይረስ ወይም በመብራት መቋረጥ ከተበላሸ ኮምፒውተሩ አይነሣም፤ በውስጡ የነበሩት ጽሑፎችና ፎቶግራፎች ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ናቸው። በሩ ተቆለፈ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን በሌላ በኩል የሚያስነሣ ፍላሽ ያስፈልጋል። ቀድሞ ለዚሁ አገልግሎት 1.44 ሜጋባይት የሚይዝ ፍሎፒ ዲስክ፣ ኋላም ሲዲ ይውል ነበር።

ፍላሹ የሚዘጋጀው ደኅና በሆነ ኮምፒውተር ነው። በመጀመሪያ 16 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ይመረጣል። በሥራው ጊዜ በፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ፣ የሚፈለግ ነገር ካለበት አስቀድሞ ወደ ሌላ ቦታ ይገለበጣል። ቀጥሎ ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ስርዓተ ክወና ከአዘጋጆቹ ድረ ገጽ ይወርዳል። የወረደው የኢሶ ፋይል አለመጉደሉን ለማረጋገጥ፣ 64 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የሻ-256 መለያው በድረ ገጹ ከወጣው ጋር ይነጻጸራል።

የኢሶውን ፋይል እንደ ተራ ፋይል ፍላሹ ላይ መገልበጥ ብቻውን ኮምፒውተር አያስነሣም፤ ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም ሊጻፍ ይገባዋል። ፕሮግራሙ ከተከፈተ በኋላ ፍላሹና ፋይሉ ይመረጣሉ። «ስታርት» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የተመረጠው የራሱ የፍላሹ ስምና መጠን መሆኑን አረጋግጡ፤ ሌላ የተሰካ ፍላሽ በስሕተት ቢመረጥ በእርሱ ላይ ያለው ሁሉ ይደመሰሳልና።

ኮምፒውተሩ እንቢ ባለ ጊዜ ፍላሹ ይሰካል፤ ኮምፒውተሩ እንደ ተከፈተም የማስነሻ ዝርዝሩ ይጠራል። የሚጠራበት ቁልፍ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ በብዙዎቹ ኤፍ12፣ ኤፍ9 ወይም ኢስኬፕ ነው። ኡቡንቱ ሲመጣ «ትራይ»፣ ማለትም ሞክር፣ የሚለውን ምረጡ። «ኢንስቶል» የሚለውን አትምረጡ፤ እርሱ የነበረውን ስርዓትና ፋይሎች ወደሚደመስስ ሥራ ሊያደርስ ይችላል። ከማናቸውም ጥገና በፊት ፋይሎቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣሉ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠየቃል፤ ስለዚህ ይህን ቁጥር ችግር ሳይደርስ ከኮምፒውተሩ ውጭ ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ሐ. ማብራሪያ

1. የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ፦

ሀ) «ስታርት» የሚለውን ተጫኑ፤ የተመረጠው ፍላሹ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።
ለ) «ስታርት» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የተመረጠው ፍላሹ መሆኑን አረጋግጡ።

የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው። ነገር ግን አንባቢው እያነበበ ስለሚሠራ፣ በ«ሀ» ማስጠንቀቂያው ሲደርስ እጁ ሥራውን ፈጽሟል። ከጥፋት በኋላ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ወቀሳ እንጂ ምክር አይደለም።

2. «በፊት» የሚለው ቃል «ከ» ከተጨመረበት ንዑስ አንቀጽ ጋር ይነገራል፤ ምሳሌ፦ ከመጫናችሁ በፊት። «በኋላ» ግን «ከ» ከተጨመረበት ኀላፊ ግሥ ጋር ይነገራል፤ ምሳሌ፦ ከተከፈተ በኋላ።

3. ሠሪው ማንም ሊሆን ስለሚችል ተራው ሥራ በተደራጊ ግሥ ተነግሯል፤ ይመረጣል፣ ይገለበጣል፣ ይነጻጸራል። አደጋ ባለበት ቦታ ግን ጸሐፊው ወደ አንባቢው ዞሮ «አረጋግጡ»፣ «አትምረጡ» ብሏል።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ ያሉትን ማስጠንቀቂያዎች አውጥታችሁ፣ እያንዳንዱ ከየትኛው ሥራ በፊት እንደ ገባ ግለጹ።
2. «ፋይሎቹን ገልብጡ» እና «ጥገናውን ጀምሩ» የሚሉትን አንድ ጊዜ በ«በፊት»፣ አንድ ጊዜ በ«በኋላ» አያይዙ። ቅደም ተከተሉ እንዳይለወጥ ተጠንቀቁ።
3. ስለ ቡታጋዝ ምድጃ አለኳኮስ ወይም አደጋ ስላለበት ሌላ የቤት ሥራ ሁለት አንቀጽ ጻፉ። ከዚያም ለጓደኛችሁ አንብቡለት፤ እርሱም በየዐረፍተ ነገሩ እጁን እያንቀሳቀሰ የሥራውን ምልክት ያሳይ። ማስጠንቀቂያው ከእጁ በኋላ የደረሰበት ቦታ ካለ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉ።