የመንጋ ጠባቂ ውሻ ሲጠሩት እንዲመጣና ከመንጋው እንዳይርቅ ማሰልጠን



ውሻ ሌሊት በረትዎን፣ ቀን መንጋዎን ይጠብቃል። ሲጠሩት የማይመጣ ከሆነ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። የጎረቤት ግልገል ነክሶ ጠብ ያስነሳል፤ ባለቤት ከሌላቸው ውሾች ጋር ተናክሶ የእብድ ውሻ በሽታን ወደ ቤት ያመጣል። በአዙሪት የሞተ በግ ጭንቅላት ከበላ ደግሞ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ግጦሹ ላይ ይወድቃል፤ በጎችዎም ይያዛሉ።

ስልጠናውን ቡችላው 2 ወር ሲሞላው ይጀምሩ። ትልቅ ውሻም ይማራል፤ ነገር ግን የበለጠ ትዕግስት ይጠይቃል።

የስልጠናው ቅደም ተከተል

1. አንድ የጥሪ ቃል ይምረጡ፤ ለምሳሌ «ነብሮ፣ ና!»። እረኛውን ጨምሮ ቤተሰቡ በሙሉ ይህንኑ ይጠቀም።

2. በግቢ ውስጥ ይጀምሩ። ውሻው ሲርበው በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ሆነው አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩት። እንደመጣ ቁራሽ እንጀራ ይስጡት፤ ያሻሹት። በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለ5 ደቂቃ ያህል ይበቃል።

3. ሜዳ ላይ 10 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ገመድ ያለማምዱት። ጠርተውት ካልመጣ ገመዱን በቀስታ ይሳቡ፤ ሲደርስ ይሸልሙት።

4. ሳይጠሩት ዞር ብሎ ሲያይዎት ወይም አጠገብዎ ሲሄድ ይሸልሙት። ቀድሞ ሲሮጥ እርስዎ አቅጣጫ ቀይረው ይሂዱ። በዚህ ዓይነት እርስዎን መከታተል ይለምዳል።

5. ገመዱን ሳይፈቱ ከመንጋው ጋር ያለማምዱት። ከ10 ጥሪ ቢያንስ 9 ጊዜ ሲመጣ ብቻ ይፍቱት።

ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

• ዘግይቶ የመጣን ውሻ መምታት። ውሻው የሚረዳው በመምጣቱ እንደተመታ ነው፤ በሌላ ጊዜ አይመጣም።
• ድንጋይ መወርወር። የተወረወረበት ውሻ ሰው ጎንበስ ባለ ቁጥር ይሸሻል።
• ማሳደድ። ውሻው ጨዋታ ይመስለዋል።
• ለማሰር ብቻ መጥራት። አንዳንዴ ጠርተው፣ ሸልመው መልሰው ይልቀቁት።

ጤናውን መጠበቅ

ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስከትቡት፤ በየዓመቱም ያስደግሙ። የሆድ ትል መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ። የታረደ ወይም የሞተ እንስሳ ጥሬ ጉበት፣ ሳንባና ጭንቅላት አይስጡት፤ ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩ። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበው ተጎጂውን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ውሻዎ ጥንብ እየበላ ሳለ ቢጠሩት ይመጣል? ካልመጣ ከየትኛው ደረጃ መጀመር አለብዎት?
2. እረኛው ልጅዎ ውሻውን በምን ቃል ይጠራዋል? ከእርስዎ ጥሪ ጋር አንድ ነው?