«ዕቃዎ ተይዟል» የሚል መልእክት ሲመጣ

በዚህ እትም የትምህርት ዓምዱ ተራ የእኔ ነው። መጀመሪያ ስለ ፀሐይና ፕላኔቶች ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። ጥር ላይ ቤታችን የደረሰውን ነገር ለክበባችን ልጆች ስነግራቸው ግን «እሱን ነው መጻፍ ያለብህ» አሉኝ። አፍሬ ነበር፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔም ነው።

እኛ ቤት ስልክ ላይ የሚመጣውን መልእክት የማነበው እኔ ነኝ። አያቴ (እምዬ ነው የምንላት) ፊደል አልቆጠረችም። ስልኩ ጢጥ ሲል «ና እስቲ አንብብልኝ» ትለኛለች። ብዙዎቻችሁም ቤት እንደዚሁ ይመስለኛል። አንዳንዱ ለእናቱ፣ አንዳንዱ ለጎረቤት ያነባል። ስለዚህ ሌባው የሚጽፈው ለትልልቆቹ ቢሆንም መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው። እኛ «እውነት ነው» ካልን እነሱ ያምናሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዱባይ የምትሠራው አክስቴ በኢሞ ስትደውል «ለእምዬ ብርድ ልብስና የጉልበት ቅባት፣ ለአንተ ጫማ በካርጎ እልካለሁ» ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ በየቀኑ መንገድ መንገድ ማየት ሆነ ሥራችን። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይህ መልእክት ገባ፦

«ውድ ደንበኛችን! ከውጭ የተላከልዎ ዕቃ የቤት ቁጥርዎ ስላልተሟላ ጉምሩክ ተይዟል። በ24 ሰዓት ውስጥ 850 ብር በዚህ ስልክ ካላስገቡ ዕቃው ወደ ላኪው ይመለሳል።»

ከሥሩ በ09 የሚጀምር የስልክ ቁጥርና ሰማያዊ ሊንክ አለ። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩት። እምዬ «እሰይ! ደረሰልኝ!» ብላ ተነሳች። «ይሄ እውነት ነው አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ጉምሩክ ይላል» አልኳት። ይችን መልስ እስካሁን አልረሳኋትም። ለወፍጮና ለዕድር ያስቀመጠችውን ብር ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ ሱቅ ሄደን ላክን።

ማታ ሌላ መልእክት መጣ። አሁን ደግሞ «የመጋዘን ኪራይ 1,600 ብር» ይላል፣ የዕቃው ቁጥር የሚባል ነገርም ተጽፎበታል። እምዬ ብሩ ስላልነበራት አክስቴን እንድትሞላልን ደወልን። አክስቴ ደነገጠች። «የምን ዕቃ? ሳጥኑ እኮ ገና አልጋዬ ሥር ነው!» አለች።

ብሩ የሄደው ያኔ ነው፣ አልተመለሰም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። እኔ መጀመሪያ የገረመኝ «ሌባው ዕቃ እንደምንጠብቅ እንዴት አወቀ?» የሚለው ነበር። መልሱ፦ አላወቀም። አንዱን መልእክት ለብዙ ሺህ ቁጥር ይበትነዋል። ምንም የማይጠብቅ ሰው ስቆ ያልፈዋል፣ የሚጠብቅ ሰው ግን «ስለ እኔ ነው» ይላል። ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ደግሞ በእኛ ሰፈር ጥቂት ነው። ለዚህ ነው መልእክቱ ውስጥ የእምዬ ስም የሌለው። የአክስቴም ስም የለም፣ ዱባይም አይልም፣ ዕቃው ምን እንደሆነም አይልም። ስለማያውቅ ነዋ!

ሁለተኛ «የቤት ቁጥርዎ አልተሟላም» የሚለውን ልብ በሉት። የአገራችን ፖስታ የተቋቋመው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ነው፤ ከድሮም ጀምሮ አብዛኛው ደብዳቤና ዕቃ የሚገባው ወደ ፖስታ ሳጥን ነው። የትምህርት ቤታችን ማኅተም ላይ ፖ.ሳ.ቁ. የሚለው እሱ ነው። እምዬ ፖስታ ሳጥን የላትም፣ አክስቴም የቤት ቁጥር ጽፋ አታውቅም፤ የምትጽፈው ስምና ስልክ ነው። ታዲያ ያልተሟላው ቁጥር ከየት መጣ? ይህ አባባል ፖስተኛ በየበሩ ከሚዞርበት አገር የተቀዳ ነው። አሜሪካ ያለው የጎረቤታችን ልጅም ተመሳሳይ መልእክት በእንግሊዝኛ እንደሚመጣለት ነግሮናል። እዚያ የሚጠይቁት ትንሽ ሳንቲም ነው፤ የሚፈልጉት ግን ሳንቲሙን ሳይሆን ሲከፍል የሚጽፈውን የባንክ ካርድ ቁጥር ነው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ሰው ራሱ ሳይጠይቅ እንዲህ ያለ መልእክት እንደማይልክ፣ በሚልከውም ላይ ሊንክ እንደማያደርግ ለሕዝቡ አስታውቋል።

ሦስተኛ ብሩ ወዴት ነው የሚሄደው? ከውጭ የመጣ ዕቃ ቀረጥ ሊኖረው ይችላል፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ሌባው እውነት የሆነ ነገር ቀላቅሎ ነው የሚዋሸው። ግን ቀረጥ በደረሰኝ የሚከፈል የመንግሥት ገንዘብ ነው እንጂ የአንድ ግለሰብ ስልክ ላይ የሚሞላ አይደለም። ሱቅ ስንልክ እኮ የተቀባዩ ስም ወጥቶ ነበር! የሰው ስም ነው፣ የመሥሪያ ቤት አይደለም። ባለሱቁ ጋሼ «ይሄ ማነው?» ብለው ጠይቀውን ነበር፤ እኔ ቸኩዬ «የጉምሩክ ሠራተኛ ይሆናል» አልኩ። እንግዲህ አስቡት።

የቸኮልኩት ለምንድን ነው? «24 ሰዓት» ስለሚል። ጊዜ ካገኘን አክስቴን እንጠይቃለን፤ እሱ እንዳንጠይቅ ነው የሚያጣድፈን። አንዲት ስልክ ብንደውል 850 ብሩ አይሄድም ነበር።

ስለ ሊንኩ ደግሞ ልንገራችሁ። እኔ አልነካሁትም፣ ካርድ ስላልነበረን ብቻ ነው እንጂ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ሊንክ ማለት የአንድ ድረ ገጽ አድራሻ ነው። የአይሲቲ መምህራችን ሲያስረዱን እንደ እኛ ስም ነው አሉ፦ የራስ ስም መጀመሪያ፣ የአባት ስም መጨረሻ። መጀመሪያ ላይ ያሉትን ሁለት ተከታታይ እዝባሮች እለፉና ከዚያ ቀጥሎ ከሚመጣው እዝባር በፊት ያለውን ተመልከቱ፣ አባቱ መጨረሻ ላይ ነው። ለምሳሌ «ፖስታ ነጥብ ዕቃክፍያ ነጥብ ኮም» ቢል ባለቤቱ ዕቃክፍያ የሚባል ሰው ነው፤ «ፖስታ» የሚለውን ማንም ከፊት ሊለጥፍ ይችላል። ይህን ማንበብ የማይችል ሰው አለመንካት ነው ያለበት። ተነክቶ ከተከፈተም የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የሚመጣውን ማረጋገጫ ቁጥር እዚያ ላይ መጻፍ የለም። በስልክ ደውለው «የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ቢሉም ያው ነው፤ ያ ቁጥር የበራችን ቁልፍ ማለት ነው።

አሁን እኔ በጣም የወደድኩትን ላሳያችሁ፤ ሂሳብ የማትወዱ ብትዘሉትም አልቀየምም። በዓለም ላይ ያሉ ፖስታ ቤቶች ከአገር አገር ለሚልኩት በአደራ ለተመዘገበ ዕቃ የሚሰጡት ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ከዚያ ዘጠኝ አሃዝ፣ መጨረሻ ላይ የላኪው አገር ሁለት ፊደል። ከኢትዮጵያ ሲሆን «ኢ» እና «ቲ» ነው። ዘጠነኛው አሃዝ ግን ዝም ብሎ የተጻፈ አይደለም፣ ስምንቱን የሚቆጣጠር ነው። ስምንቱን በተራ በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9፣ በ7 ታባዙና ትደምራላችሁ። ድምሩን ለ11 አካፍላችሁ ቀሪውን ከ11 ትቀንሳላችሁ። የመጣው ዘጠነኛው አሃዝ መሆን አለበት። (10 ከመጣ 0፣ 11 ከመጣ 5 ይጻፋል።)

የሂሳብ መምህራችን ይህን ካሳዩኝ በኋላ ማታ የመጣልንን የሌባውን ቁጥር ሠራሁት። አሃዞቹ 4 7 1 1 8 2 0 3 እና መጨረሻ 9 ነበሩ። ሲባዛ 32፣ 42፣ 4፣ 2፣ 24፣ 10፣ 0፣ 21። ድምሩ 135። ለ11 ሲካፈል 12 ደርሶ 3 ይቀራል። 11 ሲቀነስ 3፣ 8። ሌባው የጻፈው ግን 9 ነው! ደግሞ ፊደሎቹ የላኪው አገር ኢትዮጵያ ናት ይላሉ። ከዱባይ የመጣ ዕቃ! ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ቆይቶ ግን ተናደድኩ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ሂሳቡ እምቢ ካለ ቁጥሩ የፖስታ አይደለም። ሂሳቡ ከመጣ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ ሌባም ማባዛት ይችላል፣ የሌላ ሰው ቁጥርም ሊገለብጥ ይችላል። ካርጎዎችና እንደ ዲኤችኤል ያሉ ድርጅቶች ደግሞ የራሳቸው ቁጥር ስላላቸው ይህ ሂሳብ ለእነሱ አይሠራም።

ብር ከተላከ በኋላስ? እኛ አልቅሰን ነው የተቀመጥነው፤ ልክ አልነበረም። ወዲያው መደወል ነው የሚሻለው። በቴሌ ከሆነ 994፣ በንግድ ባንክ ከሆነ 951። ቶሎ ከተደወለ ገንዘቡ ሳይወጣ ሊያግዱት ይችሉ ይሆናል። መልእክቱን አታጥፉት፣ ለፖሊስ የሚታየው እሱ ነው። እኔ ተናድጄ አጥፍቼው ነበር፤ ደግነቱ ሁለተኛው ቀርቶ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እምዬ ለሦስት ቀን ለማንም እንዳንናገር ብላ ነበር። «ሰው ምን ይለኛል፣ አሮጊት ተታለለች ይሉኛል» አለች። ለጎረቤታችን እትዬ ስንነግራቸው ግን እሳቸውም ያ መልእክት ደርሷቸው ኖሯል፤ ሊከፍሉ ሰኞን እየጠበቁ ነበር። ቀድመን ተናግረን ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ሙሉ ባልተጨነቁ።

ሚያዝያ ላይ አንድ ሰውዬ ደውሎ «ከዱባይ ዕቃ አለዎት» አላት። እምዬ «ሌባ! ሁለተኛ እንዳትደውል!» ብላ ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እኔ አክስቴ ጋ ደወልኩ፤ የካርጎውን ስም፣ የላከችበትን ቀንና ስንት ኪሎ እንደሆነ ጽፌ ያዝኩ። ከዚያ እምዬ መታወቂያዋን ይዛ አብረን ሄድን። ሰውዬው «እርስዎ ነዎት ሌባ ያሉኝ?» ብሎ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ «መጀመሪያ ላኪዋ ማን እንደሆነች ንገረኝ» አለችው። ሙሉ ስሟን ነገራት፣ ኪሎውም ልክ ነበር። ብርድ ልብሱና ቅባቱ ደህና ነው። ጫማው ጠበበኝ፣ ለታናሽ እህቴ ሆነ።