የሠርግ ጥሪ ካርድን በጃቫስክሪፕት መሙላት፦ ኢንዲዛይን ደረጃ በደረጃ

በአዶቤ ኢንዲዛይን የተሠራ የሠርግ ጥሪ ካርድ አለ እንበል፤ ተጠሪዎቹ 300 ናቸው። ስም መሙላት ብቻ ከሆነ የፕሮግራሙ የራሱ ዳታ ሜርጅ ይበቃል። ጃቫስክሪፕት የሚያስፈልገው በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ውሳኔ ሲኖር ነው፦ ማን ብቻውን ተጠራ፣ ማን «ከነባለቤትዎ»፣ የማን ስምስ ከመስመሩ አለፈ?

1. ዲዛይኑን እንደ ቴምፕሌት ያስቀምጡ። በተከፈተ ቁጥር ርዕስ የሌለው ቅጂ ስለሚመጣ ዋናው አይነካም።

2. በሌየርስ ፓነል ላይ ሳጥኖቹን ይሰይሙ፦ ስሙ የሚገባበትን «ስም»፣ «ከነባለቤትዎ» የሚጻፍበትን «አጃቢ»። ስክሪፕቱ ሳጥኑን የሚያገኘው በዚህ ስያሜ ነው።

3. የተጠሪዎቹን ዝርዝር በተራ የጽሑፍ ፋይል ያዘጋጁ፤ በየመስመሩ አንድ ሰው፣ ስሙንና አጃቢውን በታብ ለይተው። ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 ይቀመጥ። ስክሪፕቱም ሲያነበው ይህንኑ ኢንኮዲንግ እንዲጠቀም ይንገሩት፤ አለዚያ ፊደላችን ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

4. ስክሪፕቱን በኖትፓድ ጽፈው በጄኤስኤክስ ቅጥያ ያስቀምጡ። ወርድ አይሆንም፤ ትምህርተ ጥቅሱን ስለሚያጎብጠው ኮዱ ይሰበራል። ጄኤስኤክስን የሚያነበው ኤክስቴንድስክሪፕት የተመሠረተው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የጃቫስክሪፕት ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚያስተምሩት «ሌት» እና ባለቀስት ፈንክሽን ስህተት ያመጣሉ፤ «ቫር» ይጠቀሙ። የኢንዲዛይን 2023 እትምና ከዚያ ወዲህ ያሉት አዲሱን ጃቫስክሪፕት በአይዲጄኤስ ቅጥያ ይቀበላሉ፤ ማተሚያ ቤቱ የቆየ እትም ካለው ግን ጄኤስኤክስ ይሻላል።

5. ዋናው ሥራ እዚህ ነው። ስክሪፕቱ በየተራው ስሙን በሳጥኑ «ኮንተንትስ» ላይ ይጻፍ፤ አጃቢ ከሌለ ሁለተኛውን ሳጥን ባዶ ያድርገው። ቀጥሎ «ኦቨርፍሎውስ» የተባለውን ባሕርይ ይጠይቅ፤ መልሱ እውነት ከሆነ ጽሑፉ ከሳጥኑ ተርፏል። ያን ጊዜ የፊደሉን መጠን በግማሽ ፖይንት እየቀነሰ ደግሞ ይሞክር፤ ለምሳሌ ከ18 እስከ 14። ወለል ካላበጁለት ፊደሉ ሰው የማያነበው እስኪሆን ያንሳል። በ14ም ካልገባ ስሙን በሌላ ዝርዝር መዝግቦ ይለፍ። የአያት ስም ይቅር አይቅር የሚወስኑት ደጋሾቹ እንጂ ስክሪፕቱ አይደለም። ብዙዎች የሚረሱት ነገርም አለ፦ አዲስ ተጠሪ በተጀመረ ቁጥር መጠኑ ወደ 18 ይመለስ። አለዚያ አንድ ረጅም ስም ከእሱ በኋላ ያሉትን ካርዶች ሁሉ ያሳንሳል።

6. ከዊንዶው ሜኑ ዩቲሊቲስ፣ ከዚያም ስክሪፕትስን ይክፈቱ። «ዩዘር» የሚለውን አቃፊ በቀኝ ጠቅታ ከፍተው ፋይሉን ያስገቡ፤ ስሙን ሁለቴ ሲጫኑት ይሠራል። መጀመሪያ በጥቂት ስሞች ይሞክሩት፤ ከዝርዝሩ ረጅሙና አጭሩ ስም ግን አይቅሩ።

7. ካርዶቹን በፒዲኤፍ ሲያወጡ ፋይሎቹን በተጠሪው ስም አይሰይሙ። በ«ወ/ሮ» መካከል ያለችውን ጭረት ኮምፒዩተሩ እንደ አቃፊ መለያ ስለሚቆጥራት ፋይሉ ላይቀመጥ ይችላል። 001 ብለው በተራ ቁጥር ይጀምሩ፤ ቁጥሩ ከዝርዝሩ መስመር ጋር ከገጠመ ፖስታ የሚሞላው ሰውም አይቸገርም።