የዩኒቨርሲቲና የጐረቤቶቹ ሽርክና፤ ከፊላደልፊያ ከተማ የሚገኝ ትምህርት

ሽርክና ምን እንደ ሆነ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪ እንደ ማርዳት ይቈጠራል። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት ያዋጣል፤ ትርፉም ኪሳራውም በውሉ መሠረት ይከፈላል። ከሁለቱ አንዱ ትርፉን ብቻ ወስዶ ኪሳራውን ለባልንጀራው ከተወለት ግን ሽርክናው በስም እንጂ በግብር የለም። ይህ ደንብ በሁለት ነጋዴዎች መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ዩኒቨርሲቲና በዙሪያው በሚኖረው ሕዝብ መካከልም ይሠራል።

ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ማዕድ ብቻ አይደለም፤ ትልቅ ገዢም ነው። በየቀኑ ዳቦና አትክልት፣ ወረቀትና ቀለም፣ ሳሙናና አንሶላ፣ የቧንቧና የኤሌክትሪክ ጥገና ይፈልጋል። ሠራተኛ ይቀጥራል፤ ቤት ይከራያል፤ ሰፊ መሬት ይይዛል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ሰፈር ያለ ነጋዴ ወይ ታላቅ ደንበኛ ያገኛል፤ ወይ ከነሱቁ ይነሣል። በአሜሪካ አገር በፊላደልፊያ ከተማ የሚገኘው የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሁለቱንም ስለሚያሳይ ለጥናት የተመቸ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. ስሕተቱ

ዩኒቨርሲቲው በ1872 ከከተማው መኻል ተነሥቶ ከስኩልኪል ወንዝ ማዶ በምዕራብ ፊላደልፊያ ሠፈረ። በ1959 በአጠገቡ ካሉ የትምህርትና የሕክምና ተቋማት ጋር ተባብሮ የምዕራብ ፊላደልፊያ ኮርፖሬሽን የተባለውን ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ አሳብ አካባቢውን የምርምርና የትምህርት ሰፈር ማድረግ ነበረ። በከተማ እድሳት ሕግ መሠረት መሬቱ ከባለቤቶቹ እየተወሰደ፣ ብላክ ቦተም ይባል የነበረው የጥቁር አሜሪካውያን ሰፈር በ1960ዎቹ ፈረሰ። በ1963 የተመሠረተው የሳይንስ ማዕከልም በዚያው አካባቢ ተሠራ። በሺህ የሚቈጠሩ ነዋሪዎች ተፈናቀሉ።

እንዲህ ባለ ጊዜ የባለሱቅ ጉዳት ከሌላው ይከፋል። ለፈረሰው ቤት ካሳ ቢከፈል እንኳ ለጠፋው ደንበኛ ካሳ የሚከፍል የለም፤ በዱቤ መዝገቡ የተጻፉት ሰዎች ወደየአቅጣጫው ተበትነዋልና። በየካቲት 1969 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ራሳቸው በአስተዳደሩ ሕንፃ ውስጥ ተቀምጠው ይህን አሠራር ተቃወሙ፤ ስለ ምትክ ቤትም ከባለሥልጣኖች ጋር ስምምነት ተደረገ። የፈረሰው ሰፈር ግን አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲው መሬት አገኘ፤ የጐረቤቶቹን እምነት ግን አጣ። እምነት ያጣ ነጋዴ በእጁ ዕቃ እያለ ገበያ እንደሚያጣ ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲውም ከዚያ በኋላ በጐ ነገር ሲያስብ እንኳ በጥርጣሬ ይታይ ነበር።

፪. እርማቱ

በ1985 የታሪክ መምህሩ ኢራ ሃርካቪና ባልደረቦቻቸው ከተማሪዎች ጋር ሆነው የምዕራብ ፊላደልፊያን ችግር የትምህርታቸው ርእስ አደረጉት። ከዚህ በመነሣት በ1992 የማኅበረሰብ ሽርክና ማዕከል ተቋቋመ። በማዕከሉ በኩል በሚሰጡት ትምህርቶች ተማሪው በአካባቢው የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እየሠራ ይማራል፤ ችግሩንም ከሚያውቁት ከነዋሪዎቹ ጋር ሆኖ ያጠናል። በዚህ አሠራር ጐረቤት የሚመረመር ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የጥናቱ ባልደረባ ይሆናል።

ለነጋዴዎች ይበልጥ የሚጠቅመው ክፍል ግን ግዢው ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው ከምዕራብ ፊላደልፊያ ነጋዴዎች ለመግዛት ፕሮግራም አወጣ። ጁዲት ሮዲን ከ1994 እስከ 2004 ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜም ይህ ሥራ ከጽዳትና ከጸጥታ፣ ከመኖሪያ ቤት፣ ከንግድ ቤቶችና ከትምህርት ቤት ጉዳይ ጋር ተያይዞ ተስፋፋ።

በዚህ ሥራ አንድ ችግር ወዲያው ታየ። ትንሹ ነጋዴ ዩኒቨርሲቲው የሚፈልገውን የጽሕፈት ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊያቀርብ አይችልም፤ ትልቁ ኩባንያ ደግሞ የሰፈሩ ሰው አይደለም። መፍትሔው ትልቁ አቅራቢ ከሰፈሩ ድርጅት ጋር ተሻርኮ እንዲያቀርብ ማድረግ ሆነ። በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲው የጅምላ ዋጋውን አላጣም፤ የሰፈሩም ነጋዴ በማጓጓዝና በማደል ሥራ ገብቶ ሙያውንና ካፒታሉን ያሳድጋል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ዕቃው ባይደርስ ወይም ጥራቱ ቢጐድል ውሉ እንደ ማንኛውም ውል ይፈርሳልና።

፫. ያልተከፈለው ዕዳ

ይሁን እንጂ መልካም ሥራም ዋጋ ያስከፍላል። በ2001 በዩኒቨርሲቲው ርዳታ አንድ አዲስ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዱ ተማሪ በዓመት 1,000 ዶላር ድጎማ ለመስጠት ተስማማ። ትምህርት ቤቱ ዝነኛ በሆነ ጊዜ ልጆቻቸውን ለማስገባት የሚሹ ወላጆች ወደ ሰፈሩ ጐረፉ፤ የቤት ዋጋና ኪራይ ናረ፤ አቅም ያነሳቸው ነባር ነዋሪዎችም ተጨነቁ። ከዚህም ሌላ ዩኒቨርሲቲው ለትርፍ ያልቆመ ተቋም ስለ ሆነ ለትምህርት ሥራ በሚጠቀምባቸው ሕንፃዎች ላይ የንብረት ግብር አይከፍልም፤ የከተማው ትምህርት ቤቶች ደግሞ በዚሁ ግብር ይታገዛሉ። ብዙ ክርክር ከተደረገ በኋላ በ2020 ዩኒቨርሲቲው በዐሥር ዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ለከተማው ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ማደሻ ለመስጠት ቃል ገባ። ይህ በፈቃድ የሚሰጥ እንጂ በሕግ የሚጠየቅ አይደለምና፣ ክርክሩ ፈጽሞ አልተዘጋም።

በዚያው በምዕራብ ፊላደልፊያ ምግብ ቤት ከፍተው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። እንጀራና ወጥ የሚገዛቸው ተማሪና መምህር፣ በብዛቱ የሱቁን ኪራይ የሚያስወድድባቸውም እርሱ ነው። ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ከደንበኛ ብዛት ይልቅ ለብዙ ዓመት የተጻፈ የኪራይ ውል ሊበልጥበት ይችላል።

፬. ለኢትዮጵያ ነጋዴ የሚሆን ምክር

በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ አይደሉም፤ በጐንደር፣ በጅማ፣ በአርባ ምንጭ፣ በዲላ፣ በደብረ ብርሃንና በሌሎችም ከተሞች ይገኛሉ። ከሕዝብ ጋር መሥራትም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጐንደር የጤና ጥበቃ ኰሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ሠራተኞችን በጤና ጣቢያዎች በሕዝቡ መካከል በኅብረት እያሠራ ያስተምር ነበር። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲ ከተማ የሚሠራ ነጋዴ የሚከተሉትን ቢመረምር ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ባለሱቁ ዩኒቨርሲቲው በዓመት ምን ምን እንደሚገዛና ጨረታው መቼ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይጠይቅ። ብቻውን የማይችለውን ከሌሎች ጋር ተባብሮ ያቅርብ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስራልና።

ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ዕቃውን አስረክቦ ብቻ አይሂድ። በከተማው ያለ ባለሙያ ጥገናውን ተምሮ እንዲይዘው በውሉ ቢያገባ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ሥራ አይቆምም፤ የሰፈሩም ሰው እንጀራ ያገኛል።

ሦስተኛ፣ ቡና ላኪው የጥራት ጥናትን በሚመለከት በ1952 ጅማ ላይ ከተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ከተወለደው ዩኒቨርሲቲና ከሌሎች መሰሎቹ ጋር መሥራት ይችላል። ነገር ግን ከጥናቱ የሚመጣው የዋጋ ብልጫ ለገበሬው ምን ያህል እንደሚደርስ አስቀድሞ ይወሰን።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ሕንፃ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ይጠሩ፤ ካለቀ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ምክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው።

አምስተኛ፣ የተባለው ሁሉ ይጻፍ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።

ከፊላደልፊያ የሚገኘው ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለጐረቤቱ የሚያደርገው በጐነት በስጦታው ብዛት አይመዘንም፤ ትርፉም ኪሳራውም ሲመጣ ማን ምን ያህል እንደ ተሸከመ ይመዘናል እንጂ። ይህንንም ሚዛን ከነጋዴ የበለጠ የሚያውቀው የለም።