ወፍ ስለ ጫጩቶቿ ስትቆጣ

በወላይታ፥ በዳሞት ወይዴ ወረዳ፥ በበዴሳ ዙሪያ ባለው ገጠር ዝናብ ጥሎ ቅጠሉ ሁሉ ከለመለመ በኋላ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን አንዳንድ ጊዜ ያላሰበው ነገር ይደርስበታል። በየዕለቱ ያለ ሥጋት ያልፍበት ከነበረው ዛፍ ሥር በደረሰ ጊዜ አንዲት ጥቁር ወፍ ከበስተኋላው እንደ ተወረወረ ድንጋይ መጥታ ራሱን መትታው ትሄዳለች። ሕፃኑም ደንግጦ ይሮጣል። በማግሥቱ ወይ መንገዱን ይለውጣል፥ ወይም ወንጭፉን ይዞ ከጓደኞቹ ጋራ ይመለሳል። ነገሩን የሰማም ሰው አንዱ መጥፎ ምልክት ነው ይለዋል፤ ሌላው ወፊቱ ክፉ ናትና ጎጆዋ ይፍረስ ይላል።

ነገሩ ግን ምልክትም ክፋትም አይደለም። ወፊቱ በዚያ ዛፍ ላይ ጫጩቶች አሏት። ምክንያቱን ያወቀ ሰው አይፈራትም፥ አይገድላትምም፤ ስለዚህ አስተማሪና ሽማግሌ ይህን አውቀው ለልጆች ሊያስረዱ ይገባል።

፩ኛ፤ የቁጣዋ ምክንያት

በሌላው ወራት ሰው ሲቀርባት የምትሸሸው ያችው ወፍ ናት። ጎጆ ከሠራች በኋላ ግን መሸሽ አይጠቅማትም፤ እርሷ ብትበር ጫጩቶቿ ሊበሩ አይችሉምና። ወደ ዛፏ የሚቀርበውም ሕፃን ደብተሩን ይዞ የሚያልፍ መንገደኛ መሆኑን አታውቅም፤ እንቁላልና ጫጩት ከሚበሉት ከእባብና ከድመት ጋራ አንድ አድርጋ ታየዋለች።

ቁጣዋም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ትጮኻለች፤ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ሰውየው ካልተመለሰ በላዩ ትዞራለች፤ ቀጥሎም ዝቅ ብላ በራሱ አጠገብ ታልፋለች፤ በመጨረሻ በእግሯ ወይም በመንቈሯ ትነካዋለች። ይህም የሚበዛው ለማስፈራራት እንጂ ለማቍሰል አይደለም፤ ከሰው ጋራ ብትታገል የምትሞተው እርሷ ናትና። ስለዚህም ፊት ለፊት ከሚመለከታት ሰው ይልቅ ጀርባውን በሰጣት ላይ ለመውረድ ትደፍራለች።

ቁጣዋ ሁልጊዜ በአንድ ልክ አይደለም። እንቁላል ታቅፋ ሳለች ያነሰ ነው፤ ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው ለመብረር ሲቃረቡ ይበረታል። ገበሬ ይህን ከእርሻው ያውቀዋል። ገና በበቀለ ቡቃያ ላይ ከብት ቢገባ ዳግመኛ መዝራት ይቻላል፤ ባፈራ በቆሎ ላይ ቢገባ ግን የዓመት ድካም ይጠፋል። ወፊቱም ብዙ የደከመችበትን አጥብቃ ትጠብቃለች።

፪ኛ፤ በጠባቂነት የታወቁ ወፎች

መላ ሰውነቷ ጥቁር፥ ዓይኗ ቀይ፥ ጅራቷ እንደ መንታ የተከፈለ ወፍ አለች። ነፍሳትን በአየር ላይ እየያዘች ትበላለች፤ ጎጆዋንም በቅርንጫፍ መንታ ላይ ታንጠለጥላለች። አካሏ ትንሽ ሲሆን ጭልፊትንና ንስርን ሳይቀር እያሳደደች ከዛፏ ታርቃለች።

እንደ አባያ ሐይቅ ባለ የውሃ ዳር ደግሞ እግሯ ረጅም፥ መልኳ ጥቁርና ነጭ፥ ክንፏም በሚታጠፍበት ላይ ሹል እሾኽ ያላት ወፍ ትገኛለች። ይህች በዛፍ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ ጥቂት ጭራ እንቁላል ትጥላለች። እረኛ ከብቱን ይዞ በቀረበ ጊዜ ወንዱም ሴቷም እየጮኹ ይወርዱበታል። ጫጩቶቹም ጩኸቱን ሲሰሙ በመሬት ላይ ተለጥፈው ዝም ይላሉ፤ በዚህ ጊዜ እረኛው እግሩን የሚያሳርፍበትን ማየት አለበት።

ቁራም ጎጆውን አጥብቆ ይጠብቃል። እርሱ ከሌሎቹ የሚለየው በማስታወሱ ነው። በአሜሪካ አገር በሲያትል ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2006 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር የሰው ፊት የሚመስል ጭምብል አድርገው 7 ቁራዎች ያዙና ለቀቁ። ከዚያ ወዲያ ያንኑ ጭምብል ያደረገ ሰው ባለፈ ጊዜ ቁራዎች ተሰብስበው ይጮኹበት ጀመር። ጭምብል የሌለውን ግን አልነኩትም። ነገሩም በዚያ ዓመት አላቆመም፤ ያልተያዙት ቁራዎች ከተያዙት፥ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ተምረው ለብዙ ዓመታት ያንን ፊት ጠሉት። የአገራችን ቁራ ከዚያ ዘር ልዩ ቢሆንም ወገኑ አንድ ነው። እንግዲህ ዛሬ በቁራ ጎጆ ላይ ድንጋይ የሚወረውር ልጅ በራሱ ላይ ረጅም ጠብ ሊገዛ ይችላል።

፫ኛ፤ የጭልፊት ክርክር

ከሁሉ የሚከብደው የጭልፊት ነገር ነው። ጭልፊት ጫጩት ይነጥቃል፤ ዶሮ የምታረባም እናት ጎጆው ይፍረስ ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን ጭልፊት የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ሆዱ ነጭ፥ ጅራቱ ቀላ ያለው ትልቁ ዓይነት ዋና ምግቡ አይጥና ፍልፈል ነው። ፍልፈልም ከመሬት በታች እየቈፈረ የእንሰትንና የስኳር ድንችን ሥር የሚያጠፋ መሆኑን የወላይታ ገበሬ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ይህ ወፍ ብዙ ጊዜ የሚጥለው ሁለት እንቁላል ብቻ ስለ ሆነ ጎጆው በፈረሰ ቍጥር የፍልፈል ጠላት ይጐድላል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ከመፍረዳቸው በፊት የትኛው እንደ ሆነ መለየት ይገባቸዋል። ጫጩቶችንም ከነጣቂው ለማዳን እስኪጠነክሩ ድረስ በቅርጫት ወይም በአጥር ውስጥ ማዋል ይበጃል።

ጎጆን ስለ ማክበር የቀደሙትም ሰዎች አስበዋል። በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋራ እንዳይወስድ ተከልክሏል።

፬ኛ፤ ሊደረግ የሚገባው

እውነተኛው አደጋ የሚመጣው ከወፊቱ ጥፍር ይልቅ ከሰው ድንጋጤና ድፍረት ነው። የደነገጠ ሕፃን ሳያይ ወደ መኪና መንገድ ወይም ወደ ገደል ይሮጣል፤ ደፋሩም ጎጆ ሊያፈርስ ዛፍ ወጥቶ በተመታ ጊዜ እጁን ለቅቆ ይወድቃል። ስለዚህ አስተማሪው የሚከተለውን ያስተምር።

ወፍ ስትጮኽበት የሰማ ልጅ ይቁም፤ ወዴት እንዳለች ይመልከት፤ ፊቱን ወደ እርሷ አድርጎ፥ በደብተሩ ወይም በነጠላው ራሱን ከልሎ፥ ሳይሮጥ ይራቅ። ድንጋይ አይወርውር። ወርውሮ የሚሸሽ ልጅ ወፊቱን ያሸነፈች ያስመስላታልና በማግሥቱ ይበልጥ ትደፍራለች። ጥፍሯ ከጫረው ቍስሉ በውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ ዓይን የተነካ እንደ ሆነ ምንም ቅጠል ሳይጨመርበት በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ላባ ያበቀለ ጫጩት በመሬት ላይ ቢገኝ የተጣለ አይደለም፤ መብረር እየተማረ ነውና ወላጆቹ ይመግቡታል። በመንገድ ላይ ከሆነ ከፍ አድርጎ በቅርብ ቅርንጫፍ ላይ ማኖር ይበቃል፤ የሰው እጅ ስለ ነካው እናቱ አትተወውም።

በአውስትራሊያ ማግፓይ የምትባል ጥቁርና ነጭ ወፍ በመራቢያዋ ወራት በመንገደኞች ላይ ትወርዳለች። ሕዝቡ ግን የወፎቹን ዘር በማጥፋት ፈንታ በዚያ ስፍራ የማስጠንቀቂያ ጽሕፈት ያቆማል። የበዴሳም አስተማሪ እንዲሁ ሊያደርግ ይችላል፤ ዛፉን ለልጆቹ አሳይቶ ለጥቂት ጊዜ በሌላ በኩል እንዲያልፉ ይዘዝ። ከትንንሾቹ ወፎች ብዙዎቹ ከእንቁላል እስከ መብረር የሚፈጅባቸው ከአንድ ወር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለቁራ ሁለት ወር ያኽል ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጎጆው ባዶ ይሆናል፥ ቁጣውም ያልፋል፤ መንገዱም እንደ ቀድሞው ለልጆቹ ይሆናል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

፩ኛ፤ ጫጩቶች ያሏት የቤት ዶሮ ውሻ በቀረበ ጊዜ ላባዋን፥ ክንፏንና ድምፅዋን ምን ታደርጋለች? ከዱር ወፍ ጋራ በምን ትመሳሰላለች?

፪ኛ፤ ወፊቱ ጫጩቶቿ ለመብረር ሲቃረቡ ይበልጥ የምትቆጣው ስለ ምንድር ነው?

፫ኛ፤ ከቤትህ እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ጎጆ ያለባቸው ዛፎች ስንት ናቸው? ሳትቀርብ ከሩቅ ቍጠር።

፬ኛ፤ የመንደሩን ሽማግሌዎች ጠይቅ፤ ፍልፈል የሚበላው ወፍ የትኛው ነው?